ደንገልን መትከል፦ በባሕር ዳር ለሐይቅ ዳር ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ማልዳችሁ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና ታንኳ ሠሪዎች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ይህን በእጄ የያዝሁትን ከፊተኛው ወንበር ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ እንድትዳስሱት እለምናችኋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከግቢዬ ኩሬ ያጨድሁት ደንገል ነው። በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መካከል ያዙና ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ እንደ ሸምበቆ ክብ አይደለም፣ ሦስት ጎንና ሦስት ጠርዝ አለው። ከታች እስከ ላይ ብትፈልጉ አንጓ አታገኙበትም። አረንጓዴውን ልጣጭ በጥፍራችሁ ገፋ ብታደርጉት ውስጡ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ታዩታላችሁ፤ ስትጫኑት ይሰረጉድና ተመልሶ ይነሣል። ይህ ነጭ ክፍል አየር የቋጠሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች የሞሉበት ነው፤ ታንኳን ከነጫነው የሚያንሳፍፈውም ይኸው አየር ነው። እናንተ ለዘመናት በሥራ የምታውቁትን እኔ በስም እየጠራሁ ብነግራችሁ አዲስ ነገር አመጣሁ ማለት አይደለም። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ብዙዎቻችን ስለማንሠራው ሥራ ነው፦ ደንገልን ስለ መትከል።

አባቶቻችን ደንገልን አጭደዋል፣ አስረዋል፣ ቀዝፈውበታል፤ መትከል ግን አላስፈለጋቸውም፤ ሐይቁ ራሱ ይተክልላቸው ነበርና። እኔም ልጅ ሆኜ ከግልገል አባይ መግቢያ ወዲህ ባለው ዳርቻ ሳድግ ደንገል እንደ ዝናብ ከላይ የሚሰጥ፣ ሰው የማይጨምርበትና የማያጎድልበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ያ ዳርቻ በብዙ ቦታ ባዶ ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ለባሕር ሸሽ እርሻ ይታረሳል፤ ሲታረስም የደንገሉ ሥር ተነቅሎ ይወጣል፤ በጋ ላይ ከብት ገብቶ ለጋውን ቡቃያ ይበላል፤ ከተማ ሲሰፋ ደግሞ ዳርቻው በአፈርና በድንጋይ ይሞላል። ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የተሠራው ግድብ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም የሐይቁን ውሃ መውጣትና መውረድ ከቀድሞው ልማዱ አናውጠውታል። እነዚህን የጠቀስሁት ማንንም ልወቅስ ብዬ አይደለም፤ ኤሌክትሪክም እርሻም ለሁላችን ያስፈልገናል። ነገር ግን ሐይቁ ራሱ የሚተክልበት ዘመን አልፎ ከሆነ፣ እንደ ጌሾና እንደ ቡና ሁሉ ደንገልም የእጅ ተክል መሆን አለበት።

ለመሆኑ ደንገል ምንድን ነው? የዕፅዋት ሊቃውንት ሳይፐረስ ፓፒረስ ይሉታል። ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም፤ ከ5,000 በላይ ዓይነቶች ያሉበት የራሱ የሆነ ሰፊ ቤተሰብ አለው። በቀዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉንና ራሳችን ላይ የምናስረው፣ ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ፣ የጎጃም ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት መስክ ወርደው እየዘፈኑ የሚነቅሉት እንግጫም ዘመዶቹ ናቸው። ደንገል ከዘመዶቹ ሁሉ በቁመት ይበልጣል፤ በተስማማው ቦታ አራትና አምስት ሜትር ይደርሳል። አናቱ ላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነው አረንጓዴ ክር አበባውንና ዘሩን የሚሸከም ከመሆኑም በላይ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ምግብ ያዘጋጃል፤ ረጅሙ ግንድ ቅጠል የለውምና። ምግብ የሚያዘጋጅበት መንገድ የበቆሎና የሸንኮራ ዓይነት ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ባለበት ከብዙ ተክሎች ፈጥኖ የሚያድገውም በዚህ ምክንያት ነው። ዓመት አልፎ ዓመት የሚኖር እንጂ በአንድ ክረምት በቅሎ የሚያልቅ አይደለም፤ የሚኖረው ግን በምናየው ግንዱ ሳይሆን ጭቃው ውስጥ በሚሳበው የሥር ግንዱ ነው። አንድ የቆመ ግንድ ጥቂት ወራት ኖሮ ቢጫ ይሆንና ይደርቃል፤ የሥር ግንዱ ግን ወደ ፊት እየተሳበ አዲስ ያወጣል።

ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ደንገል ቢተክል አይጸድቅለትም፤ እኔ ራሴ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርሁት። መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቤቴ ጀርባ ከምንጭ የሚመጣ ውሃ የሚተኛበት አንድ ረግረግ ቦታ ነበረኝ። ደንገል ልተክልበት ብዬ አንድ ሸክም አረንጓዴ ግንድ አጭጄ አመጣሁና እንደ ሸንኮራ በየክንዱ ቆርጬ በጭቃው ውስጥ አጋደምሁት። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ጠቁሮ ሸተተ። ሸንኮራ በየአንጓው ዓይን አለው፣ ዓይኑ ይበቅላል፤ ደንገል ግን አንጓም ዓይንም የለውምና ግንዱ ከየት ያብቅል? በሚቀጥለው ዓመት ከነሥሩ ቆፍሬ አመጣሁ፤ አሁን ደግሞ እንደ ዛፍ ችግኝ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ግንዱን አቁሜ፣ ሥሩን ከክንድ በታች ቀበርሁት። ከዐሥራ ሁለቱ የበቀሉት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ታንኳ በመሥራት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ችግሬን ነገርኋቸው። ብዙ አልተናገሩም፤ ጋቢያቸውን አስቀምጠው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና እጃቸውን በጭቃው ሰድደው አንድ የሥር ግንድ ሳይሰብሩ እስከ ጫፉ ተከተሉት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጭቃውን በውሃ አጠቡና ቡናማ ቅርፊት የደራረበ፣ እንደ ጦር የሾለ ቡቃያ አሳዩኝ። «አባቴ፣ የትኛው ነው የሚተከለው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ይህ ነው እንጂ፤ ደንገል በቁመቱ አይተከልም፣ በጋደመው ነው የሚተከለው» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የተከልሁት ሁሉ ያችን ቃል ተከትሎ የተተከለ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከሁሉ በፊት ቦታ ነው፤ ቦታው ከተሳሳተ ቀሪው ድካም ከንቱ ነው። የጣና ውሃ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ክረምቱ ከሞላው በኋላ በመስከረም እጅግ ከፍ ይላል። አዲስ የተተከለ ደንገል ሁለቱንም ጫፍ አይችልም። በበጋ ሥሩ ከደረቀ ይሞታል፤ በክረምት ቡቃያው ከአናቱ በላይ ውሃ ከተጫነው አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ የምትመርጡት ቦታ በግንቦት ብትረግጡት እግራችሁ የሚሰምጥ፣ በመስከረም ውሃው ከጉልበት የማያልፍ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ በወንዝ መግቢያዎች፣ ከተዳፋት ሥር ውሃ በሚያመነጩ ቦታዎችና ከሐይቁ ወደ ኋላ ገባ ባሉ ረግረጎች ይገኛል። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አንድ ዓመት ቢታገሥ ይሻለዋል፤ በመስከረም ውሃው በደረሰበት አንድ ችካል፣ በግንቦት በሸሸበት ሌላ ችካል ይትከልና በሁለቱ መካከል ያለውን መሬት በዓይኑ ይመርምር። ችካል መትከል ምንም ወጪ የለውም፤ ተክሎ ማጣት ግን ወጪም ተስፋ መቁረጥም አለው።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ዋርካና ሾላ ባጠሉት ዳር ደንገል ይቀጥናል፣ ይጋደማልም። ማዕበል በቀጥታ የሚመታው ገላጣ ዳርቻም ለአዲስ ተክል አይሆንም፤ ሥሩ ሳይይዝ ማዕበሉ ይነቅለዋል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ አሸዋ ብቻ ከሆነ የበሰበሰ ፍግ ካልተጨመረበት አይጠነክርም። ጨው የበዛበትን ውሃ አይወድም፤ ጣና ግን ጨው አልባ ነውና ይህ የእኛ ጭንቀት አይደለም።

ቀጥሎ እናቱን መምረጥ ነው። ከጠና፣ ረጃጅም ግንድ ካለው፣ ለብዙ ዓመት ካልተጎዳ ደንገል ውሰዱ፤ ከአንድ ቦታ ብቻ አትጨርሱ፣ ከየቦታው ትንሽ ትንሹን ቆንጥሩ እንጂ። ቆፍራችሁ ስታወጡ ከዳር ጀምሩ፤ ወደ ፊት የሚሳበው ወጣቱ ጫፍ ያለው በዳር ነውና፤ መካከሉ ላይ ያለው አሮጌ፣ እንጨት የሆነ፣ ቡቃያ የጨረሰ ነው። የዝንጅብል ቁራጭን በእጃችሁ ያያችሁ ሁሉ የደንገልን የሥር ግንድ አስቡት፤ አስተዳደጉ አንድ ነው፣ ይህ ግን እንደ ክንድ ይወፍራል። አንዱ ቁራጭ ስንዝር የሚያህል ሆኖ ቢያንስ አንድ የሾለ ቡቃያና ሁለት ወይም ሦስት የቆሙ ግንዶች ይኑሩት። በተሳለ ንጹሕ ቢላዋ ቁረጡት፤ በዶማ ከሰበራችሁት የተጨፈለቀው ቦታ ይበሰብሳል። የቆሙትን ግንዶች አናታቸውን ቆርጣችሁ አሳጥሯቸው፣ ነፋስ እንዳያንገላታቸው፤ ነገር ግን የተቆረጠው አፍ ምንጊዜም ከውሃው በላይ ይሁን። ውሃ በተቆረጠው ግንድ ገብቶ ወደ ሥሩ ከወረደ መበስበስ የሚጀምረው በዚያ በኩል ነው፤ አየርም ለሥሩ የሚደርሰው በእነዚሁ ግንዶች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ። እምቦጭ ካለበት ዳርቻ የደንገል ሥር የምታመጡ ከሆነ በቦታው ላይ እያለ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ በየሥሩ መካከል ፈልጉ፣ የእምቦጭ ቁራጭም ቡቃያም ሳይቀርበት ብቻ ውሰዱት። እምቦጭ በጣና ከታየ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ምን ያህል ጉልበትና ሀብት እንደ ወሰደ እናንተው በእጃችሁ የነቀላችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዲት ቁራጭ ወደ ንጹሕ ኩሬ ብትገባ ደንገሉን ስንተክል መከራውን አብረን ተከልን ማለት ነው።

መቼ ይተከል ለሚለው፣ እኔ በሁለት ደረጃ መትከልን እመርጣለሁ። በየካቲት፣ ብርዱ ሲለቅ፣ ቁራጮቹን ከቤት አጠገብ ውሃ በሚቆምበት የጭቃ መደብ ላይ አሳድራለሁ። የሥር ግንዱ ይጋደማል፣ ሦስት ወይም አራት ጣት የሚያህል ጭቃ ብቻ ይለብሳል፣ የሾለው ቡቃያ ወደ ላይና ወደ ባዶው ቦታ እንዲያይ ይደረጋል፣ ከላዩ ደግሞ እስከ አራት ጣት የሚደርስ ውሃ ይቆማል። ቁራጩ ተንሳፍፎ እንዳይወጣ በአንድ ድንጋይ ወይም በባላ እንጨት ይያዛል። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ሞቃት ወራት ናቸውና አዲሱ ቡቃያ ፈጥኖ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ጦር ጫፍ ይታያል፤ ከዚያ ጎፈሬው እንደ ተጠቀለለ ይረዝማል፤ ቁመቱን ሲጨርስ ጎፈሬው ይፈታል። በግንቦት መጨረሻ ከሰው ወገብ የበለጠውን ከነጭቃው አንሥቼ ወደ ዳርቻው አወርደዋለሁ፤ ክረምቱ ውሃውን ቀስ በቀስ ሲያነሣው አብሮ የሚያድግ ጉልበት ኖሮት ይጠብቀዋል። መደብ የማዘጋጀት አቅም የሌለው ሰው በቀጥታ በዳርቻው በግንቦት ይትከል፤ የሚጸድቅለት ግን ያንሳል።

በዳርቻው ላይ በአንዱና በሁለተኛው መካከል አንድ ሜትር ያህል ይተው። ዝርዝር መስሎ ቢታያችሁ አትጨነቁ፤ ቡቃያው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ አድርጋችሁ ከተከላችሁት በሁለተኛው ዓመት ይገናኛል። ሥራውን ስትሠሩ ደግሞ ቦት ጫማ አድርጉ። በሐይቁ ዳር ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ ተውሳክ አለ፤ በባዶ እግር ለሰዓታት ቆሞ መትከል ጤናን አሳልፎ መስጠት ነው። ልጆችን ለዚህ ሥራ አታሰማሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ጠላቱ ከብት ነው። ለጋው ቡቃያ ጣፋጭ ነው፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ላም እስከ ሆዷ ውሃ ገብታ ትግጠዋለች፣ ከመጋጧም በላይ ሰኮናዋ የሥር ግንዱን ይሰብራል። ጉማሬ ባለበትም እንዲሁ ነው። የከብቱን ነገር በአጥርና በስምምነት መከላከል ይቻላል፤ ከሁለቱ ስምምነቱ ይበልጣል፤ አጥሩ ማገዶ ፈላጊ ይወስደዋልና። አንድ ጊዜ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን በሐይቁ ዳር ሁለት መቶ ያህል ሥር ተክለን፣ ክረምቱን አሳልፎ አምሮበት ሳለ፣ አጠገባችን ያለ ግቢ «ሐይቁ እንዲታየን» ብሎ በሠራተኞች አስነቅሎ የጓሮ ሣር ዘራበት። በሁለተኛው ክረምት ማዕበሉ የሣሩን አፈር ይዞት ሄደ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይመስለኝም፤ በዚያ የቆመው ነገር የተተከለ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከመትከላችን በፊት በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ፣ ግቢ ያለውንም እረኛውንም፣ እንጠራለን፤ ቦታውን እናሳያለን።

ስለ አጨዳ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከተክሉ ተፈጥሮ አንጻር ግን የምለው አለኝ። የታጨደ ግንድ ከተቆረጠበት አያቆጠቁጥም፤ አዲስ የሚመጣው ከሥር ግንዱ ጫፍ ነው፤ ለዚያም የሚሆነው ስንቅ የሚጠራቀመው ግንዱ ሲያረጅ የያዘውን ወደ ሥሩ ሲመልስ ነው። ስለዚህ ለጋውን ያጨደ ሰው የነገውን ስንቅ አብሮ አጨደ ማለት ነው። ጎፈሬው ሙሉ በሙሉ የተፈታ፣ ጫፉ ቢጫ ማለት የጀመረ ግንድ ይታጨድ፤ ለታንኳም የሚሻለው የበሰለው ነው። አንዱን ቦታ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አትጨዱት፤ ደጋግመው የሚያጭዱት ደንገል በየጊዜው እየቀጠነ፣ እያጠረ፣ በመጨረሻ ለፊላ ቦታውን ይለቃል። እኔ መሬቴን በአራት ከፍዬ በየተራ አጭዳለሁ፤ ሁልጊዜም የቆመ ደንገል ስለሚኖር ወፉም ዓሣውም መጠለያ አያጣም። ማቃጠልን በተመለከተ፣ ደረቁን ደንገል አቃጥሎ ቦታውን ማጽዳት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በበጋ ውሃው ሸሽቶ ሥሩ ሲጋለጥ የተለኮሰ እሳት ለዘመናት የተከማቸውን የበሰበሰ ሥርና ግንድ ጭምር ይበላል፣ የሥር ግንዱም አይተርፍም።

የአጨዳን ነገር ካነሣሁ ስለ ውሃው ጥራትም ልናገር ይገባኛል። ከእርሻችን በጎርፍ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዞ ሐይቁ ይገባል፤ እምቦጭንም የሚያሰባው ይኸው ነው። ደንገልም ይህንኑ ይመገባል፤ በሥሩ መካከል ደለሉን ያስቀራል፤ በሌሎች አገሮች ፍሳሽ ለማጣራት ተብሎ በሰው እጅ በተሠሩ ረግረጎች የሚተከለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የበላውን ለዘላለም ይዞት አይኖርም። ግንዱ በውሃው ውስጥ ወድቆ ከበሰበሰ የወሰደውን ብዙውን ይመልሳል። ግንዱ ታጭዶ ከሐይቁ ሲወጣ፣ ለታንኳ፣ ለምንጣፍ፣ ለክዳን ሲውል፣ የተበላው ምግብ አብሮ ከሐይቁ ይወጣል። እንግዲህ በአግባቡ የሚያጭድ ታንኳ ሠሪ ለሐይቁ ጽዳት ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህንም ሥራውን ለሚንቁ ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ታንኳውን የሚንቅ ሰው ካለ ይህንም ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው፣ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት «ራ» የተባለውን መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። ግብጽ ታሪኳን በደንገል ወረቀት የጻፈች አገር ስትሆን፣ ደንገሉ በዚያ በዱር ጠፋ እስኪባል ድረስ ከመመናመኑ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐሳን ረገብ የተባሉ ሰው ሥሩን ከሱዳን አስመጥተው እንደ ገና ተከሉት። እኛ መጻሕፍታችንን በብራና ጻፍን፤ ደንገሉን ግን ለውሃ መንገዳችን አቆየነው። ሙሴ የተጣለበትን ሣጥን መጽሐፉ የደንገል ነው እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሐይቅ ዳር መሬት የሌላችሁ ቤታችሁም መትከል ትችላላችሁ። የተቆረጠ በርሜል ወይም ሰፊ ሳፋ በቂ ነው። ዋልካ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሁለት እጅ ለአንድ ደባልቁ፤ እስከ ግማሽ ሙሉት፤ ሥሩን አጋድሙት፤ አፈሩ ተንሳፍፎ ውሃውን እንዳያደፈርስ ከላዩ አሸዋ አልብሱት፤ ውሃውን ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ድረስ አቁሙ። በየሁለት ዓመቱ ዕቃው ስለሚጠብበት አውጡትና ገንጥላችሁ እንደ ገና ትከሉት፤ ሥሩ ቀጭን ዕቃ ሰንጥቆ ይወጣል። ትንኝ እንዳይራባበት ከሐይቁ ትንንሽ ቀረሶ ልቀቁበት። ደብረ ማርቆስና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ የምትኖሩ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ዕድገቱ እንደሚቆም ዕወቁ፤ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር አቁሙት፤ ውርጭ ግንዱን ቢያቃጥለው እንኳ ሥሩ ከውሃ በታች ከሆነ በመጋቢት ይመለሳል። ጮቄ ላይ ግን አትድከሙ፤ ያ ቦታ ብርድ የለመዱት ሌሎች የቄጠማ ዘመዶች ነው።

በዘር ይበቅላል ወይ ብላችሁ ልትጠይቁኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ይበቅላል። ዘሩ ግን ከጤፍ የማይበልጥ ነው፤ በእርጥብ ጭቃ ላይ ይበተናል፣ አይሸፈንም፣ ብርሃን ይፈልጋልና፤ ውሃ ከላዩ ከቆመበት አይበቅልም። ብዙ ወራት ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ለዳርቻ ተከላ አልመክረውም። በየአትክልት ቦታው የምታዩት፣ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ትንሹ ዘመዱ አናቱ ተቆርጦ ውሃ ላይ ቢገለበጥ ሥር ያወጣል፤ ይህ ዘዴ ለደንገል እምብዛም አይሠራም። በመስኖ ቦይ ውስጥ ግን ማንም እንዳይተክለው፤ በቆጋም ሆነ በሌላ ቦታ ቦዩን ደፍኖ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከአዳራሹ በር በስተግራ፣ በዛፉ ጥላ ሥር፣ ውሃ በተሞሉ ባልዲዎች ውስጥ አርባ የተገነጠሉ ሥሮች አሉ፤ በየካቲት መደብ ላይ ያሳደርኋቸው ናቸውና ቡቃያቸው ወጥቷል። ዳርቻ ያላችሁ ቀድማችሁ ውሰዱ፤ የተረፈው ለበርሜል ይሁን። ስትሄዱ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉት፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እንዳይመታው ከእግራችሁ ሥር አስቀምጡት፤ ዛሬ ማታ መትከል ባትችሉ ሌሊቱን ሳፋ ውስጥ ውሃ ላይ ይደር።